ተሳፋሪ ወይስ ሸክም?

በሀገራችን ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ጣና ነው። ለደቅ ደሴት ነዋሪ ሐይቁ አጥሩም መንገዱም ነው፤ ለገበያ፣ ለሕክምና ወይም ለሥራ ወደ ባሕር ዳር መሻገር ሲሻ ጀልባ መሳፈር ግድ ይለዋል። አሁን እግሮቹ የማይታዘዙለትን አንድ መንገደኛ እናስብ። በተሽከርካሪ ወንበሩ እስከ ወደቡ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ግን በየብስና በጀልባው መካከል የቀረችው የጥቂት ክንድ ርቀት ከሐይቁ ሁሉ ትሰፋበታለች።

በእንዲህ ያለ ጊዜ ጎበዛዝት ተሸክመው ያሳፍሩታል። ይህ የሕዝባችን ደግነት ነውና ልናመሰግነው እንጂ ልንነቅፈው አይገባንም። ይሁን እንጂ አንድ ጥያቄ ራሳችንን ልንጠይቅ እንወዳለን፤ ሰውን መሸከም ከፍቅር ሥራ የሚቆጠረው እስከ ምን ድረስ ነው? አንድ ቀን ብቻ የተሸከምነው ሰው ባለውለታችን ቢሆን ነውር የለበትም። በየዕለቱ የምንሸከመው ሰው ግን ኑሮው በእኛ ፈቃድ ላይ ይንጠለጠላል። ተሸካሚ በታጣ ቀን ከሥራው ይቀራል፤ ሳይወድ ገላው ይነካል፤ ጧት ማታም ሲያመሰግን ይኖራል። አጠገቡ ያለው መንገደኛ ግን ያንኑ ዋጋ ከፍሎ፣ ማንንም ሳይለምን ይገባል። በአንድ ዋጋ አንዱ ተሳፋሪ፣ ሌላው ሸክም ከሆነ፣ በመካከሉ ፍትሕ ጎድሏል ማለት ነው።

«ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ደግሞስ ስንት ቢሆኑ ነው?» የሚል አይጠፋም። የወጪው ጥያቄ ቀላል እንዳልሆነ እናምናለን። የጣና ውኃ ከክረምት በኋላ ከፍ፣ በበጋው ማብቂያ ዝቅ ስለሚል፣ በአንድ ቦታ የተተከለ ደረጃ ዓመቱን ሙሉ አያገለግልም። አንዱ ጫፉ ከየብስ የታሰረ፣ ሌላው ጫፉ በተንሳፋፊ መድረክ ላይ ያረፈ መሸጋገሪያ ግን ከውኃው ጋር አብሮ ይነሣል፤ አብሮም ይወርዳል። በብዙ አገሮች በሚሠራበት መለኪያ ለ1 ሜትር ከፍታ የ12 ሜትር ርዝመት ያስፈልገዋል። የእጅ መደገፊያ ሲጨመርለት፣ ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌ፣ ነፍሰ ጡር፣ ልጅ ያዘለች እናትም ይጠቀሙበታል። መነሻ ሰዓቱን ለማይሰማው በጽሑፍ፣ ለማያየው በድምፅ ማሳወቅም ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም። ስለ ቁጥራቸው ማነስ ለሚነሣው ጥያቄ መልሳችን አጭር ነው፤ በር በሌለው ቤት እንግዳ ባይታይ ምን ያስደንቃል?

ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት በአዋጅ ቁጥር 676/2002 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 መጓጓዣን በግልጽ ይጠቅሳል። እንግዲህ ጉዳዩ ከቸርነት አልፎ ቃል የተገባበት ሆኗል ማለት ነው።

መሸጋገሪያው ቢሠራ ፍቅር ሥራ ይፈታል ብለን አንሰጋም። ፍትሕ ድርሻውን ከተወጣ፣ ፍቅር የዕዳ ስሜት ሳያሳድር ባልንጀራን ለማጫወትና ለማስተናገድ ጊዜ ያገኛል። ያ ቀን እስኪደርስ ድረስ መሸከማችን አይቀርምና፣ እጃችንን ከመዘርጋታችን በፊት «እንዴት ብናግዝዎ ይሻላል?» ብለን እንጠይቅ። በየት በኩል ቢያዝ እንደማያመው የሚያውቀው ባለቤቱ ነውና።