የሥዕሉ አጋዘንና የተራራው አጋዘን

ጠመንጃ ያዥ በሚባለው ሰፈር፣ አንድ ቀን የትምህርተ ክርስቶስ ክፍለ ጊዜ ካበቃ በኋላ፣ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ወደ እኔ ቀርቦ መዳፉን ዘረጋልኝ። በመዳፉ ላይ ከአያቱ ሣጥን ያገኛት አንዲት አሮጌ አሥር ሳንቲም ነበረች። «አባ፣ ይህ እንስሳ ምንድን ነው?» አለኝ። «የደጋ አጋዘን ነው» አልሁት። ጥቂት አሰብ አድርጎ፣ «አሁንም አለ ወይስ ድሮ የነበረ ነው?» ሲል ጠየቀኝ። «አለ እንጂ፤ በባሌ ተራሮች ይኖራል» ብዬ መለስሁለት። ልጁም ሳንቲሟን ገልብጦ አየና፣ «እንግዲያው የጠፋችው ሳንቲሟ ናት» ብሎኝ ሄደ።

እርሱ እንደ ቀልድ የተናገራት ቃል ከእኔ ዘንድ ቀረች። በ1969 ዓ.ም. የወጡት ሳንቲሞቻችን ለብዙዎቻችን ከልጅነት የመጀመሪያ ሥዕሎች መካከል ነበሩ። በአንደኛው ገጻቸው ሁሉም የአንበሳ ራስ አለባቸው። በሌላው ገጽ ግን በአንዷ ሳንቲም ላይ በሬዎቹን ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ፣ በአምስቷ ላይ ጠመንጃ የያዘ ሰው፣ በአሥሯ ላይ ደግሞ ቀንዱ የተጠማዘዘ የደጋ አጋዘን ይታያል። ጠመንጃ ያዡና አጋዘኑ በአንድ ኪስ ውስጥ አብረው ሲንኳኩ ዓመታት አሳለፉ። ዛሬ በአሥር ሳንቲም የሚገዛ ነገር የለም። የሳንቲሙን ዋጋ የሰጠነው እኛ ሰዎች ስለሆንን ዋጋው በእጃችን ወደቀ። የአጋዘኑን ዋጋ ግን የሰጠነው እኛ አይደለንም። ታዲያ ሥዕሉን በገንዘባችን፣ በግድግዳችንና በመለያ ልብሳችን ላይ እያኖርን፣ ሥዕሉ የሚያመለክተው ፍጡር ሲመነምን ዝም ብንል፣ ሥዕሉ ስለ እኛ ይመሰክርልናልን ወይስ ይመሰክርብናል? በዚህች አጭር ጽሑፍ ከአንባብያን ጋር ልመረምረው የምወደው ጥያቄ ይህ ነው።

አባቶቻችን እንስሳትን በሥዕልና በቅርጽ ማኖርን ከጥንት ጀምሮ ያውቁበታል። በደብረ ዳሞ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ በእንጨት የተቀረጹ አንበሶች፣ ዝሆኖችና ሚዳቋዎች ይገኛሉ። በአባ ገሪማ ወንጌሎች ገጾች ላይ፣ በዐምዶቹና በቅስቶቹ ዙሪያ፣ አዕዋፍ ተሥለዋል። የዘመናችን ሳይንስም ብራናውን መርምሮ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑን አረጋግጧል። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ያየ ሁሉ በእግራቸው ሥር የቆሙትን አንበሶችና ነብሮች፣ ከዓይናቸውም እንባ የምትጠጣዋን ወፍ ያስታውሳል። ይህ ሥዕል ቅድስና ከፍጥረት ሁሉ ጋር መታረቅ እንደሆነ ያለ ቃል ያስተምራል። በምዕራቡም ዓለም ቅዱስ ፍራንቸስኮስ ዘአሲዚ በዚሁ መንገድ ይታወቃል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1979 እ.ኤ.አ. የሥነ ምኅዳር ጠባቂ ቅዱስ አድርገው የሰየሙትም ስለዚህ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ሌላ ዓይነት ሥዕል እንደነበረን መካድ አይገባም። ባለፈው መቶ ዓመት በአዲስ አበባ የሠሩ ባህላዊ ሠዓሊዎች ከወደዷቸው ርእሶች አንዱ አደን ነበር። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ አንበሳው፣ ዝሆኑና ጉማሬው የገዳዩን ጀግንነት ለመመስከር ብቻ የቆሙ ናቸው። የሳይንሱም ሥዕል ከጠመንጃ ነጻ አልነበረም። ጀርመናዊው ተመራማሪ ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን መጥቶ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንሱ ዓለም ያሳወቀው፣ የተገደሉ እንስሳትን ወደ ፍራንክፈርት ወስዶ በማሣልና በመጻፍ ነው። የደጋ አጋዘን ደግሞ በ1910 እ.ኤ.አ. የተሰጠውን ሳይንሳዊ ስም ያገኘው ካደነው እንግሊዛዊ ነው። አዳም እንስሳትን በስም የጠራው በሕይወት ሳሉ ነበር፤ እኛ ግን ብዙዎቹን የሰየምናቸው ከጣልናቸው በኋላ ሆነ።

ይህን የምለው የቀደሙትን ለመውቀስ አይደለም። ያለ እነዚያ ሥዕሎችና መዛግብት ዛሬ ምን እየጠፋ እንደሆነ እንኳ ባላወቅን ነበር። ቀይ ቀበሮ በመልኩና በሹል አፉ ቀበሮ ቢመስልም፣ የቅርብ ዘመዱ ተኩላ መሆኑን የደረሰበት የዘር ምርመራ ነው። ሠዓሊው የሚታየውን ያሳያል፤ ሳይንቲስቱ ከሚታየው በስተኋላ ያለውን ዝምድና ይገልጣል። ሁለቱ ሲተባበሩ ፍጡሩ በእውነት ይታወቃል።

ሲለያዩ ግን ምን እንደሚሆን አንድ ዝነኛ ታሪክ ያስተምረናል። በ1515 እ.ኤ.አ. ከሕንድ አንድ አውራሪስ በመርከብ ወደ ሊዝበን መጣ። ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረኽት ዱረር እንስሳውን በዓይኑ ሳያይ፣ በደብዳቤና በንድፍ የደረሰውን መግለጫ ብቻ ይዞ ሥዕሉን በእንጨት ቀርጾ አተመው። ቆዳውን እንደ ብረት ጥሩር አደረገው፤ በጀርባውም ላይ የሌለ ትንሽ ቀንድ ጨመረለት። አውራሪሱ ራሱ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 10ኛ በስጦታ ሲላክ፣ በ1516 እ.ኤ.አ. በጣልያን ባሕር ዳርቻ መርከቡ ሰጥሞ ሞተ። ሥዕሉ ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከመጽሐፍ ወደ መጽሐፍ ሲገለበጥ ኖረ። እንስሳው ሰጠመ፤ ስሕተቱ ተንሳፈፈ። ሥዕል ከባለቤቱ ሲለይ ይህን ያህል ብቻውን ሊኖር ይችላል።

እዚህ ላይ ቤተ ክርስቲያን ስለ ሥዕል ያስተማረችውን ማስታወስ ይጠቅማል። በ787 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በኒቅያ የተሰበሰበው ሁለተኛው ጉባኤ፣ ለቅዱስ ሥዕል የሚሰጠው ክብር በቀለሙና በእንጨቱ ላይ እንደማይቀር፣ ሥዕሉ ወደሚያመለክተው አካል እንደሚያልፍ አስተማረ። ጉባኤው የተናገረው ስለ ቅዱሳን ሥዕላት ነው፤ አጋዘን ቅዱስ ነው የሚል የለም። ይሁን እንጂ በነገሩ ውስጥ ያለው አመክንዮ ለሥዕል ሁሉ የሚሠራ ይመስለኛል። ክብሩ ካላለፈ፣ በሥዕሉ ላይ ከቀረ፣ እርሱ አክብሮት መሆኑ ይቀራል። የእናቱን ፎቶግራፍ በወርቅ ፍሬም አስገብቶ እናቱን በረኃብ የሚተዋትን ሰው ማን አፍቃሪ ልጅ ይለዋል?

ይህን መመዘኛ ይዘን ከተማችንን እንመልከት። አንበሳ በለገሐር በሐውልት፣ በብሔራዊ ቴአትር ፊት በድንጋይ፣ በአውቶቡሶቻችን ላይ በስም አለ። የእግር ኳስ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያዎቹ ይባላል፤ ቡድኑ ሲሸነፍ ከተማው በሙሉ ያዝናል። የዋልያው መኖሪያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ሲሆን፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ለሃያ አንድ ዓመታት በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ነበረ። ለዚያ ሽንፈት ግን ከመካከላችን ያዘነ ስንቱ ነው? ቅዱስ ቶማስ ዘአኲኖ እንዳስተማረው፣ የእግዚአብሔርን ቸርነት አንድ ፍጡር ብቻውን ሊገልጠው ስለማይችል ፍጥረታት ብዙና ልዩ ልዩ ሆነው ተፈጠሩ። እንግዲህ እያንዳንዱ ዘር ራሱ ሥዕል ነው፤ የሚተካውም ሠዓሊ ከእኛ መካከል የለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2015 እ.ኤ.አ. «ላውዳቶ ሲ» በተሰኘው መልእክታቸው ስለሚጠፉ ዘሮች ሲያዝኑ የተናገሩት ይህንኑ ነው።

«ሰው በሚራብበትና በሚፈናቀልበት አገር ስለ ቀበሮ ማልቀስ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ ከችግረኛ አፍ ሲወጣ ደግሞ በአክብሮት ሊሰማ ይገባዋል። በደጋው ላይ ገብስ የሚዘራውና ከብት የሚያሰማራው ገበሬ ከእነዚህ እንስሳት ጋር መሬት የሚካፈለው በምርጫ አይደለም። እኛ በከተማ ተቀምጠን በሥዕላቸው ስንደሰት ሸክሙን እርሱ ብቻውን እንዲሸከም መፍረድ ግፍ ነው። ነገር ግን የሰውና የእንስሳው ጉዳይ ብዙ ጊዜ የምናስበውን ያህል አይለያይም። የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 በታች ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡትም በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። በ1991 እና 92፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 እ.ኤ.አ. በባሌ ብዙዎቹን የጨረሳቸው ከመንደር ውሾች የተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። የእረኛውን ልጅ የሚገድለውም ይኸው በሽታ ነው። ለዓመታት በዚያ ሲካሄድ የቆየው የውሾች ክትባት ልጁንም ቀበሮውንም በአንድ መርፌ ይጠብቃል። ከባሌ ከፍታዎች የሚመነጩት ወንዞች ደግሞ ዝናብ ለራቀው ቆላ ነዋሪ ውኃ ናቸው። ተራራው ለአጋዘኑ ሲጠበቅ ለቆላው አርብቶ አደርም ይጠበቃል።

ወደ ራሴ ጥፋት ልመለስ። ያ ልጅ ከሄደ በኋላ የክፍላችንን ግድግዳ ቀና ብዬ አየሁ። ለዓመታት የሰቀልሁት የኖኅ መርከብ ሥዕል ነበር። ድብ አለበት፤ ካንጋሮ አለበት፤ ፔንግዊን አለበት። ዋልያ የለበትም፤ ጭላዳም ቀይ ቀበሮም የለበትም። የአገራችንን እንስሳት ከመርከቡ ውጭ የተውኋቸው እኔ ነበርሁ። ባለቤቱ የናቀውን አሞሌ ባለዕዳ አይቀበለውም እንደሚባለው፣ እኛ ያላሣልነውን ሌላው እንዲያስብልን መጠበቅ ከንቱ ነው።

ስለዚህ ልጆቹን ይዤ በአራት ኪሎ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲው የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ሄድሁ። ወረቀትና እርሳስ ይዘው በገለባ የተሞሉትን እንስሳት ሣሉ። አንዲት ልጅ ከአጋዘኑ በስተኋላ ትልቅ ተራራ አደረገችበት። «ልጄ፣ እዚህ ተራራ የለም እኮ» አልኋት። ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ተራራ ከሌለ የት ይቆማል አባ?» ብላ መለሰችልኝ። ስለ ሥነ ምኅዳር ካነበብኋቸው መጻሕፍት ይልቅ ይህች ቃል ነገሩን አስረዳችኝ። እንስሳውን ብቻውን የሚያሳይ ሥዕል ግማሽ እውነት ነው፤ ሙሉ የሚሆነው መቆሚያውን አብሮ ሲያስብለት ነው።

የሰፈራችን ስም፣ ቃሉ ራሱ እንደሚናገረው፣ የጌታቸውን ጠመንጃ ይይዙ የነበሩ አገልጋዮችን ያስታውሰናል። ጠመንጃ ያዥ የጠመንጃው ባለቤት አይደለም። ገንዘብ ያዥ የገንዘቡ ባለቤት እንዳልሆነ ሁሉ፣ እርሱም በእጁ ያለው ኃይል የሌላ ነው፤ ሲጠየቅ ያስረክባል። ሰው በፍጥረት ላይ ተሾመ ስንል ከዚህ የተለየ ነገር ማለታችን ሊሆን አይገባም። ኃይሉ ተሰጥቶናል፤ ጌትነቱ ግን አልተሰጠንም። ከጥፋት ውኃ በኋላ ቃል ኪዳኑ ከኖኅ ጋር ብቻ ሳይሆን ከእርሱ ጋር ከነበረ ሕያው ፍጡር ሁሉ ጋር የተደረገ መሆኑን እናስተውል። ምልክቱም ሥዕል ነው፤ በደመና የተሣለ። ቋንቋችን ቀስተ ደመና ይለዋል፤ ቀስት የጦር መሣሪያ መሆኑን ልብ ይሏል። የጦር መሣሪያ በሰማይ ተሰቅሎ የምሕረት ሥዕል ሆነ።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ሥዕል ዕዳችንን አይከፍልልንም፤ ዕዳ እንዳለብን ግን ያሳስበናል። ለልጆቻችን የአገራቸውን ፍጥረት በስሙና በመልኩ እናሳውቃቸው፤ የግቢያችንን ውሻ እናስከትብ፤ የነብር ቆዳ ለጌጥ ሲቀርብልን እምቢ እንበል፤ በደጋው ላይ ስለሚደክሙት ጠባቂዎችና ገበሬዎች ድምፅ እንሁን። ያ ልጅ አድጎ የራሱን ልጅ መዳፍ ሲያይ «አለ ወይስ ድሮ የነበረ ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ፣ እኔ የመለስሁለትን መልስ ያለ ሐሰት እንዲመልስ የሚያስችለው ሳንቲሙ ሳይሆን የእኛ ኑሮ ነው።