ያሳጠረው ደቀ መዝሙር

በአንድ ደጋ ደብር ዜማ የሚያስተምሩ የኔታ ነበሩ። የሚያስተምሩበት ድጓ ብዙ ትውልድ ያለፈበት፣ ጠርዙ በጣት ብዛት የጠቆረ መጽሐፍ ነው። የቤቱ ክዳን ባፈሰሰበት ክረምት ውሃ ገባበትና ቀለሙ እዚህም እዚያም መልቀቅ ጀመረ። የኔታ ሦስት ደቀ መዛሙርት ጠርተው፣ «መጽሐፉ ሳይጠፋ ገልብጡት፤ ከቆላው ማዶ ያለችው ደብርም አንድ ትሻለች» አሏቸው። በዚያ ዓመት ፍየሉም በጉም በበሽታ አልቆ ስለነበር ብራና ብርቅ ነው። ያለውን ለሦስቱም እኩል አካፈሏቸው። ድርሻው ለማንኛቸውም አይበቃም ነበር።

የመጀመሪያው፣ «የአባቶች ቃል አይነካም» ብሎ ከዮሐንስ ጀመረ። እያንዳንዱን ፊደል፣ እያንዳንዱን ምልክት፣ ስንት ጊዜ ቢደጋገምም ሳይሰለች ጻፈ። እጁ የሚያምር ነበር። ነገር ግን ጾም ሳይገባ ብራናው አለቀበት። እጁ ላይ የቀረው ፋሲካ የሌለው ድጓ ነው።

ሁለተኛው ብልህ ነበር፤ ሰው እንዴት እንደሚሰማም ያውቃል። «ከበሮና ጸናጽል በሚበዛበት ቦታ ይህች ቀጭን ርክርክ አትሰማም፤ ሕዝቡ አይለያትም» እያለ የማይሰማ የመሰለውን ምልክት ሁሉ ተወ። መጽሐፉ ዓመቱን ሙሉ ያዘ፣ ብራናም ተረፈው። ሲዘመርበት ያማረ ነበር፤ ከምእመናን አንድም ሰው ጎደለ ያለ የለም።

ሦስተኛው ለብዙ ቀን መቃ አልያዘም። ዋናውን መጽሐፍ ዳር እስከ ዳር አነበበ፤ የሚመላለሰውን ከማይመላለሰው ለየ። ከዚያ ሲጽፍ፣ አንዱን ዜማ መጀመሪያ በሚመጣበት ቦታ ሙሉውን አሰፈረው፤ ሲደገም ግን የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ጻፈ። ዜማው ከታወቀው መንገድ በሚወጣበት ቦታ፣ የወጣባትን ያህል፣ አንዲት ጭረት እንኳ ሳይተው ጻፈ። በመጽሐፉ ራስ ላይ አጻጻፉ የሚፈታበትን ሥርዓት አኖረ። በየቅጠሉ ግርጌ ደግሞ በዋናው መጽሐፍ ውስጥ የነበረውን የፊደልና የምልክት ብዛት ቆጥሮ አስቀመጠ።

የደብሩ ሽማግሌዎች ሦስተኛውን መጽሐፍ አይተው ተቆጡ። «ይህ የተቆረጠ ድጓ ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ የጻፈውን በሙሉ ጽፏል፤ ሁለተኛውም ይዘመርበታል፤ ይሄኛው ግን ግማሹን በልቶታል» አሉ።

የኔታ አልመለሱላቸውም። ዋናውን መጽሐፍ አይቶ የማያውቅ ተማሪ አስጠርተው ሦስተኛውን መጽሐፍ ሰጡት፤ «በሥርዓቱ እየፈታህ በሙሉ ዚም» አሉት። እሳቸው አሮጌውን ድጓ በጉልበታቸው ላይ ዘርግተው በጣታቸው ይከተሉ ጀመር። ልጁ ቀናት ሙሉ ዜመ። ከሽማግሌዎቹ ዓይን የጠፋው ሁሉ ከልጁ አፍ በየቦታው ወጣ። በአንድ ቅጠል ላይ ብቻ ቁጥሩ በአንድ ጎደለ። ቢፈልጉ ይዘት የምትባል አንዲት ምልክት ስትጻፍ ተዘላለች። አሮጌው መጽሐፍ ገና በእጃቸው ስለነበር ያን ጊዜውኑ አቀኗት።

ሁለተኛውም መጽሐፍ በዚሁ ሚዛን ተመዘነ፤ ጉድለቱ ከገጽ ገጽ እየበዛ ሄደ። ጸሐፊው አፈረና፣ «የኔታ፣ የተረፈ ብራና አለኝ፤ ከዚህ ከራሴ መጽሐፍ አንስቼ በሰፊው ልጻፈው፤ ይሞላል» አለ።

«ልጄ፣ ብራናው ይሰፋል እንጂ የተውከውን ርክርክ ከየት ታመጣዋለህ?» አሉት።

ወደ ማዶው ደብር ሦስተኛው መጽሐፍ ተላከ።

ይህን ያወራሁት ስለ ድምፅ ፋይል ነው። ዋቭ የሚባለው የፋይል ዓይነት እንደ መጀመሪያው ደቀ መዝሙር ሁሉን ዘርዝሮ ይጽፋል። በሲዲ ጥራት በየሰከንዱ 44,100 ናሙና ለግራ፣ ያንኑ ያህል ለቀኝ ይመዘግባል፤ እያንዳንዱ ናሙና 16 ቢት ነው። እልልታም ይሁን ዝምታ ለእሱ ክብደቱ አንድ ነው፤ አንድ ሰዓት ወደ 635 ሜጋባይት ይይዛል። ለቤተ መዛግብት በሚመረጠው 96 ኪሎኸርዝና 24 ቢት ከተቀዳ ሰዓቱ 2 ጊጋባይት ያልፋል። የወላጆቹን የበገናና የሰርግ ካሴቶች መገልበጥ የጀመረ ሰው ዲስኩ ሲሞላበት ወይ ሥራውን ያቋርጣል፣ ወይ ወደ ኤምፒስሪ ይሸሻል። ኤምፒስሪ ሁለተኛው ደቀ መዝሙር ነው፤ ጎላ ባለ ድምፅ የሚሸፈነውን ቀጭን ድምፅ እየመረጠ ይጥላል። ለመንገድ ማድመጫ መልካም ነው፤ ለማኖሪያ አይሆንም። በኋላ ወደ ፍላክ ቢለውጡትም ፋይሉ ይወፍራል እንጂ የተጣለው አይመለስም።

ፍላክ ሦስተኛው ነው። ጆሽ ኮልሰን የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 የመጀመሪያው ሙሉ እትም የወጣለት፣ ማንም በነፃ የሚጠቀምበት ፎርማት ነው፤ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2024 ደግሞ አርኤፍሲ 9639 ተብሎ የኢንተርኔት ሰነድ ሆኗል። ካለፉት ናሙናዎች ተነስቶ ቀጣዩን ይገምታል፤ ግምቱና እውነተኛው ድምፅ የሚለያዩበትን ብቻ ይጽፋል። ልዩነቱ አብዛኛውን ጊዜ ትንሽ ቁጥር ስለሆነ ጥቂት ቢት ይበቃዋል። ሙዚቃ በተለምዶ ከዋናው መጠን ከ50 እስከ 70 በመቶ ያህሉን ይይዛል፤ ዝምታ የበዛበት ያንሳል፣ ድምፅ የታጨቀበት ይበልጣል። ሲፈታ ግን እያንዳንዱ ናሙና እንደነበረ ይመለሳል። ከ0 እስከ 8 ያሉት ደረጃዎቹ ብዙ ሰው ያደናግራሉ፤ 8 የተሻለ ድምፅ ይመስላቸዋል። ሁሉም የሚመልሱት አንድ ድምፅ ነው፤ የሚለያዩት በመጭመቂያው ጊዜና በመጠን ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደስተኝ የሦስተኛው ደቀ መዝሙር የግርጌ ቁጥር አምሳያ ነው። ፍላክ ከመጨመቁ በፊት ከነበረው ድምፅ ኤምዲ5 የሚባል አሻራ ያወጣና በፋይሉ ራስ ላይ ያኖረዋል። ከዓመታት በኋላ ፋይሉ ሲፈተሽ ድምፁ አንዲት ቢት እንኳ ተበላሽታ ከሆነ አሻራው አይገጥምም፤ በየክፍሉ ያለው ሌላ ቁጥር ደግሞ ጉዳቱ የት እንደሆነ ይጠቁማል። ተራ ዋቭ ይህን ምስክር አይዝም፤ ቢበላሽ በዝምታ ነው። የዘማሪው ስም፣ የዜማው ርዕስ፣ የተቀዳበት ደብርም በፍላክ ውስጥ በራሳችን ፊደል ይጻፋል፤ ስያሜዎቹ በዩኒኮድ ስለሚቀመጡ ግዕዙ ወደ ጥያቄ ምልክት አይለወጥም። ስም የለሽ ፋይል ለልጅ ልጅ ምን ይነግራል?

አንድ ጥንቃቄ አለ። አንዳንድ የመቅጃ ፕሮግራሞች ድምፁን በ32 ቢት ተንሳፋፊ ነጥብ ያስቀምጣሉ። ፍላክ የሚይዘው ሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለው ፋይል ሲለወጥ ይጠጋጋል፤ ያኔ ምንም አልጎደለም ማለት አይቻልም። ከመነሻው በ24 ቢት መቅዳት ይህን ያስቀራል።

በሳጥን ውስጥ ካሴት ያላችሁ፣ ቴፑ በየዓመቱ እያረጀ ነውና አትዘግዩ። በዋቭ ቅዱት፣ ወደ ፍላክ ለውጡት፣ በፕሮግራሙ የመፈተሻ ትእዛዝ ፈትሹት፣ ሁለተኛ ቅጂ በሌላ ዲስክ፣ ቢቻል በሌላ ቤት አኑሩ። ዋቩን ማጥፋት የምትችሉት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።