ዝገትን በቀለም ስለ መሸፈን

ያረጀ መኪናን አሳምሮ የሚያቀርብ ሁሉ መኪናውን አድሷል ማለት ይቻላልን? ነገሩ የጋራዥ ጥያቄ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለ እውነትና ስለ ሐሰት የሚጠየቅ ጥያቄ ነው።

በአዲስ አበባ መንገዶች ዛሬም የምትታየውን ቮልስዋገን ምሳሌ እናድርግ። ይህች ጀርባዋ የጎበጠ መኪና በአውሮፓ አቆጣጠር በ1938 በጀርመን ተጀምራ፥ የመጨረሻዋ በ2003 በሜክሲኮ እስክትወጣ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች። ዝገቷ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዓይን ከማያየው ስፍራ ነው። ባትሪዋ ከኋላ መቀመጫ ሥር ስለሚቀመጥ የሚፈሰው አሲድ ወለሉን ይበላዋል። ከበሮቿ በታች ያለው፥ የሞተሩን ሙቀት ወደ ፊት የሚያስተላልፈው የብረት ቦይም ውሃና ጭቃ ሲገባበት ከውስጥ ወደ ውጭ ይዝጋል። ብረት ሲዝግ ከቀድሞው የበለጠ ስፍራ ስለሚይዝ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል። እንግዲህ በላይ የምስር ቅንጣት የምታህል እብጠት ስትታይ፥ በታች ያለው ጉዳት ብዙ ጊዜ ከእርሷ የሰፋ ነው።

እዚህ ላይ ባትላሜራው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው እብጠቱን ፍቆ፥ ቀዳዳውን በስቱኮ ደፍኖ፥ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ መቀባት ነው። ይህ ፈጥኖ ያልቃል፤ ያምራልም። ነገር ግን ስቱኮ እርጥበት ስለሚመጥ ዝገቱ ከሥሩ ሥራውን ይቀጥላል። ሁለተኛው አሮጌውን ቀለም እስከ ብረቱ ማንሣት፥ የተበላውን ላሜራ ጤናማው ብረት እስኪገኝ ቆርጦ ማውጣት፥ አዲስ ላሜራ መበየድ፥ ዝገት መከላከያ መቀባት፥ በመጨረሻም ቀለሙን ማልበስ ነው። በሥራው መካከል መኪናይቱ ከመጀመሪያው ይልቅ አስቀያሚ ሆና ትታያለች። ብዙ ሰው የሚሸሸውም ይህን ነው።

ምናልባት አንዱ ባለሙያ፥ «ባለቤቱ ልሸጣት ነውና አሳምርልኝ ቢለኝ ሠራሁለት እንጂ፥ እኔ አንድ የሐሰት ቃል አልተናገርሁም» ይል ይሆናል። ሐሰት ግን በአፍ ብቻ አይነገርም፤ በእጅም ይሠራል። ያ የብረት ቦይ የመኪናይቱን አካል አጽንተው ከሚይዙት አንዱ ነው። በስቱኮ ተደፍኖ ለማያውቅ ሰው ሲሸጥ፥ የገዢው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን የልጆቹም ሕይወት በዚያ ስቱኮ ላይ ተቀምጧል።

ይህ ማለት መሸፈን ሁሉ ክፉ ነው ማለት አይደለም። ራቁቱን የቀረ ብረት እርጥበት ሲያገኘው በጥቂት ቀን ይዝጋል። ስቱኮም በጸዳ ብረት ላይ በስሱ ሲቀባ ተገቢ ሥራ አለው። ልዩነቱ ከሥር ባለው ላይ ነው፤ በጤናማ ብረት ላይ ያለ ቀለም ጠባቂ ነው፥ በዝገት ላይ ያለ ቀለም ግን ደባቂ ነው። የሰውም ጨዋ አነጋገር እንዲሁ ነው፤ በቅን ልብ ላይ ሲሆን ልብን ይጠብቃል፥ በቂም ላይ ሲሆን ቂሙን ያሳድጋል።

ደግሞ መፋቅም ልክ አለው። መፋቂያውን ያለ መጠን የሚጫን ሠራተኛ ደኅናውን ላሜራ ያሳሳዋል። የባልንጀራውን ጥፋት አርማለሁ ብሎ ክብሩን ጭምር የሚፍቅ ሰውም ከዚህ አይለይም።

እንግዲህ ወጣት አንባቢ ሆይ፥ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በጠባይህ ላይ ትንሽ እብጠት ባየህ ጊዜ፥ ቀለም ከመፈለግህ በፊት በጣትህ ጫን ብለህ ሞክረው።