ንስሐ ልግባ ያለው ጋኔን

ቡልጋ የተወለደችው እናታችን ክርስቶስ ሠምራ ጌታን የለመነችው ልመና ያስደነግጣል፤ ሰይጣንን ማርልኝ አለች። ገድሏ እንደሚተርከው ለሰይጣን አድልታ አይደለም፤ ለአዳም ልጆች አዝና ነው። አሳቹ ከታረቀ የሚሳሳት አይኖርም። ጌታም አልተቆጣትም፤ ሚካኤልን አስከትሎ፣ እሺ ካለሽ አምጪው ብሎ ወደ ሲኦል ሰደዳት። ሰይጣን ግን እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ጎተታት። ሚካኤል በሰይፉ አስጣላት፤ እሷም ብዙ ነፍሳት አስከትላ ወጣች።

እሷ በኖረችበት በ15ኛው መቶ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት የደብረ ብርሃን መሥራች ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ሕዝቡ የሥላሴን ስም በግንባሩ፣ ሰይጣንን መካዱን በእጁ ላይ እንዲጽፍ አዝዘው ነበር። አንድ ዘመን፣ አንድ ሃይማኖት፣ ጎረቤት አገር። እኔ የእሷን ልመናም የንጉሡን ትእዛዝም እወዳቸዋለሁ፤ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ግን በቅርቡ አንድ ጨዋታ ላይ እንደ አዲስ ማሰብ ግድ ሆነብኝ።

ደብረ ብርሃን ቤቴ ውስጥ፣ ብርዱ ሲጠና ከሰል ከበን የምንጫወተው ነው። እያንዳንዱ አንድ ባለታሪክ ይሆናል፣ እኔ ታሪኩን እመራለሁ፣ ያጠራጠረውን ዳይስ ይለየዋል። ጨዋታውን ለዓለም ያስለመደው በ1974 እ.ኤ.አ. አሜሪካ የታተመው ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ ነው፤ የእኛው ታሪክ ግን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን አንኮበር ላይ ነው። አንዱ ከአፋር ቆላ ጨው የሚያመጣ የአልዩ አምባ ነጋዴ ነው፣ ዲያቆን ወዳጄ የቆሎ ተማሪ። የአክስቴ ልጅ ተራዋ ሲደርስ፣ “ጋሼ፣ እኔ ንስሐ መግባት የሚፈልግ ጋኔን ልሁን” አለች።

ዲያቆኑ ወዲያው፣ “የወደቀ መልአክ ንስሐ የለውም” አለ። ልክ ነው። የደማስቆው ዮሐንስም ለሰው ሞት የሆነው ለመላእክት ውድቀት ነው ብሎ ጽፏል፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። ነገር ግን የመጻሕፍተ መነኮሳቱ ማር ይስሐቅ፣ ርኅሩኅ ልብ ለፍጥረት ሁሉ፣ ለአጋንንትም ጭምር እንደሚነድ ይናገራል። መዳን አለመዳናቸው አንድ ነገር ነው፤ ለእነሱ ማዘን ሌላ።

ለመሪ ቀላሉ ነገር መከልከል ነው። ከዚያ የባሰው ደግሞ ዝም ብሎ መፍቀድ ነው፤ ያን ጊዜ ጋኔኑ ጋኔንነቱ ይቀርና ስም ብቻ ይሆናል፣ ጥያቄዋም ይሞታል። ስለዚህ ጠየቅኋት።

“ጠበል ሲነካው ምን ይሆናል?”

“ያቃጥለዋል። ግን አይሸሽም።”

“ይቅርታ የሚጠይቀው ማንን ነው?”

እዚህ ላይ ቆየች። ዳይሱን በመዳፏ ስታገላብጥ ቆይታ፣ “ይዟት የነበረችውን ሴት” አለች።

ፈቀድሁላት። በገድሉ ውስጥ በሩን የዘጋው ጌታ አይደለም፤ የምሕረቱ ጥሪ እደጁ ድረስ ሄዶለት እንቢ ያለው ሰይጣን ራሱ ነው። የአክስቴ ልጅም የያዘችው የእሱን ቦታ ነው፤ ሊጠራው የመጣን እጅ መጎተት ወይም መልቀቅ። ጠበሉን መታገሡን በዳይስ እንለየዋለን። ምሕረቱን ግን ዳይስ አይጥለውም፣ እኔም አልፈርድበትም፤ የሰማዩ ፍርድ የእኔ ሥልጣን አይደለም፣ በጨዋታም ቢሆን። የምድሩ ደግሞ የዚያች ሴት ነው፤ ለስንት ዘመን አእምሮዋን የተነጠቀች እሷ ናትና፣ ይቅር ባትል ማንም አያስገድዳትም።

ዲያቆኑ አሁንም አላመነም፤ የቆሎ ተማሪውም እንዲያምን አላስገድደውም። ጋኔኑ ሲቀርብ ዳዊቱን ገልጦ ቢደግምበት መብቱ ነው፤ ቆሞ መስማቱን ወይም መሸሹን የምትወስነው ግን የአክስቴ ልጅ ናት።