ሳቅም ፍርድ ነው

የሰኔ ወር አልቆ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ፣ ዓመቱን ሙሉ በየክፍላቸው ተለያይተው የከረሙ ወንድሞችና እኅቶች ቀኑን ሙሉ በአንድ ጣራ ሥር ይውላሉ። ውጭው ዝናብና ጭቃ፣ ቤቱም ጠባብ በመሆኑ፣ ሐምሌና ነሐሴ ከሌሎቹ ወራት ይልቅ የጠብና የሳቅ ወራት ናቸው። አንዱ የሌላውን ብይ ይደብቃል፤ ታናሺቱ ከመጋረጃ ጀርባ ተሸሽጋ፣ እግሮቿ እየታዩ «እዚህ ማንም የለም!» ትላለች፤ ቤተሰቡም ይስቃል። ጎረቤት ለቡና ሲመጣ ነገሩ ይነገራል፤ እንደገናም ይሳቃል። ይህ የክረምት በረከት ነው፤ ማንም ሊነፍገን አይገባም።

ሆኖም ከእነዚህ አስቂኝ ጊዜያት አንዳንዶቹ የፍትሕ ጥያቄ ያዘሉ ናቸው። አንዱ ልጅ ሌላውን በብልጠት ሲያታልል አይተን የምንስቀው ሳቅ ንጹሕ ነውን? በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የምንወደው ይህንኑ ነው። ለዚህም ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ በየመልኩ የሚታዩ ሁለት ምሳሌዎችን እናንሣ።

የመጀመሪያው ነሐሴ 13 ቀን፣ በቡሄ ዕለት የሚሆን ነው። የ8 ዓመት ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በየደጁ ሲጨፍር ውሎ፣ የደረሰውን ሙልሙል ይዞ ይመለሳል። በዝናቡ ምክንያት ቤት የቀረው የ4 ዓመት ወንድሙ በር ላይ ይጠብቀዋል። እናት «ለወንድምህ አካፍለው» ትላለች። ታላቁ ትልቁን ቁራሽ ለራሱ፣ ትንሹን ለታናሹ ያደርጋል። ታናሹ ሁለቱን አስተያይቶ ማልቀስ ሲጀምር፣ ታላቁ ያንኑ ትንሹን ቁራሽ ለሁለት ገምሶ «ይኸው፣ ለአንተ ሁለት፣ ለእኔ አንድ!» ይለዋል። ታናሹም እንባውን ጠርጎ፣ በሁለት እጁ ሁለት ቁራሽ ይዞ፣ እንደ ባለጸጋ ይንጎራደዳል። ቤቱ በሳቅ ይሞላል።

ሁለተኛው የተራ ጉዳይ ነው። በቤቱ ያለችው ብስክሌት አንዲት ናት። ዝናቡ ጋብ ሲል ታላቂቱ እኅት «ዛሬ የእኔ ተራ ነው፤ ነገ ያንተ» ብላ ትወጣለች። ልጁ በማግሥቱ ማልዶ ተነሥቶ «ነገ ሆነ?» ይላታል። እርሷም «የለም፤ ዛሬ እኮ ዛሬ ነው» ብላ ትመልስለታለች። በሦስተኛው ቀን ልጁ ወደ አባቱ ሄዶ «አባዬ፣ ነገ የሚመጣው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አባትም ይስቃል።

ሳቁ ከየት መጣ? አንዱ ምንጭ የልጁ አእምሮ ገና በማደግ ላይ መሆኑ ነው። የስዊዘርላንዱ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ እንዳሳየው፣ ሕፃናት 7 ዓመት ገደማ እስኪሆናቸው ድረስ፣ አንድ ነገር ሲቆራረጥ ወይም ቅርጹ ሲለወጥ መጠኑም የተለወጠ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የ4 ዓመቱ ልጅ ሁለቱን ቁራሽ ከአንዱ አብልጦ ሲያይ ሞኝ ሆኖ አይደለም፤ ዕድሜው በሚፈቅድለት ዓይን አይቶ ነው። የ8 ዓመቱ ግን ይህን ደረጃ አልፏል፤ ማለፉንም ያውቃል። ጨዋታው የሚካሄደው በሚያውቅና በማያውቅ መካከል ነው ማለት ነው።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሡ ይችላሉ። የመጀመሪያው «ልጆች ናቸው፤ ነገ ይረሱታል» የሚል ነው። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም እንደሚባለው፣ የልጅ በደልም ለክስ አይበቃም ማለት ነው። ቅዱስ አውጎስጢኖስ በኑዛዜው መጽሐፍ፣ ገና አፉን ያልፈታ ሕፃን አብሮት ጡት የሚጠባውን ሌላ ሕፃን በቅናት ገርጥቶ ሲመለከተው ማየቱን ጽፏል። ሰዎች እንዲህ ያለውን ነገር በፈገግታ የሚያልፉት ነገሩ ምንም ስላልሆነ ሳይሆን፣ ከዕድሜ ጋር ይጠፋል ብለው ስለሚያስቡ መሆኑንም አስተውሏል። በእርግጥ ብዙው ይጠፋል። ነገር ግን የተሳቀለትና የተጨበጨበለት ነገር አይጠፋም፤ ይልቁንም ይለመዳል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበረታ ነው። «ታላቁም ተደሰተ፣ ታናሹም ተደሰተ፤ ታዲያ የተጎዳው ማን ነው?» ይላል። መልሳችን ይህ ነው፦ ባለማወቅ የተገኘ ደስታ ስምምነት አይደለም። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ምን እንደ ተጻፈ ሳይነገረው በወረቀት ላይ ጣቱን አትሞ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ቢሄድ፣ ደስታው በደሉን አያጠፋውም። ጉዳይ ኖሮት ወደ አንድ መሥሪያ ቤት የሄደ ሰውም «ዛሬ ሂድና ነገ ተመለስ» እየተባለ ሲመላለስ፣ የሚጠይቀው ያ ልጅ የጠየቀውን ነው፤ ነገ የሚመጣው መቼ ነው? በቤት ያስቀን ነገር በአደባባይ ሲደርስብን ያስለቅሰናል።

ቅዱስ ቶማስ አኲናስ በ13ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው በሱማ ቴዎሎጂካ፣ ጨዋታና ቀልድ ለነፍስ ዕረፍት እንደሚያስፈልጉ ያስተምራል፤ ሳቅን ፈጽሞ የሚጠላውን ሰው ይነቅፋል። ስለ ፌዝ በጻፈበት ስፍራ ግን አንድ ጥንቃቄ የተሞላበት ልዩነት ያደርጋል። የሰው ጉድለት በራሱ ትንሽ በመሆኑ ቢሳቅበት ነገሩ ቀላል ነው፤ ጉድለቱ የተናቀው ባለቤቱ ስለተናቀ ከሆነ ግን ከባድ ኃጢአት ነው ይላል። ለዚህ ዓይነቱ ንቀት የሰጠው ምሳሌ ደግሞ የሕፃናትን ጉድለት እንደ ኢምንት መቁጠራችንን ነው። ቤተሰብ በፍቅር ሲስቅ እዚህ ደረጃ ደርሷል አንልም። ሆኖም ራሳችንን የምንጠይቀው ጥያቄ ከዚህ ይገኛል፦ የሳቅነው ነገሩ ትንሽ ስለሆነ ነው ወይስ ልጁ ትንሽ ስለሆነ?

ወደ ሙልሙሉ እንመለስ። ታላቁ ልጅ ብዙ መውሰዱ በራሱ ግፍ ነው ለማለት አንቸኩልም። ጭቃ እየረገጠ፣ ዝናብ እየመታው የጨፈረው እርሱ ነው። ፒያዤ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ስለ ልጆች ግብረ ገባዊ አስተሳሰብ በተጻፈው መጽሐፉ፣ ትንንሾቹ ልጆች ትክክል የሚሉት ታላላቆች ያዘዙትን እንደሆነ፣ ቀጥሎ ሁሉ እኩል እንዲካፈል እንደሚሹ፣ ወደ 11 እና 12 ዓመት ሲቃረቡ ደግሞ የእያንዳንዱን ሁኔታ ማመዛዘን እንደሚጀምሩ ገልጿል። ስለዚህ ታላቁ «እኔ ስለደከምሁ ትልቁን ልውሰድ» ቢል ኖሮ ሊሰማ የሚገባ ክርክር ባቀረበ ነበር። ጥፋቱ ትልቁን መውሰዱ ሳይሆን፣ ምክንያቱን በማስረዳት ፋንታ የወንድሙን አለማወቅ መጠቀሙ ነው።

በየቤቱ «አንዱ ይቁረስ፣ ሌላው ይምረጥ» የሚባለው መልካም ሥርዓትም እዚህ አይረዳም፤ ታናሹ እንዲመርጥ ቢፈቀድለት ሁለቱን ትንንሽ ቁራሾች በደስታ ይመርጣልና። ይህ ሥርዓት የሚሠራው በማስተዋል እኩል በሆኑት መካከል ብቻ ነው። እኩል ባልሆኑት መካከል ግን ፍትሕ በሚበልጠው ሰው ኅሊና ላይ ያርፋል። ታላቅነት ለማታለል የተሰጠ ብልጫ አይደለም፤ ታናሹ የማያየውን አይቶ እንዲጠብቅለት የተሰጠ አደራ ነው እንጂ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ አትሳቁ አንልም፤ ማንስ ሳይስቅ ይችላል? ነገር ግን በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ልጆች ፊታችንን እንደሚያነቡ እናስተውል። ዳኛው እኛ ነን፤ ሳቃችንም ፍርድ ነው። ታላቁ በሳቃችን ውስጥ «ብልጥ ነህ» የሚል ይሰማል፤ ታናሹም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ታሪኩ በቡና ላይ ሲደገም ትርጉሙን ይረዳል። ስለዚህ ስቀን ካበቃን በኋላ ክሱን እንስማ። ታላቁን ለብቻው ጠርተን «እርሱ የማያውቀውን አንተ ታውቃለህ፤ እስኪያውቅ ድረስ ማን ይጠብቅለት?» እንበለው። ነገ መቼ እንደሚመጣ የጠየቀውንም ልጅ «ነገ ዛሬ ነው፤ ብስክሌቷ ያንተ ናት» እንበለው።

መስከረም ሲጠባ ልጆቹ ወደየክፍላቸው ይመለሳሉ፤ የክረምቱም ታሪኮች በቤተሰቡ ዘንድ ይቀራሉ። የትኛው ታሪክ ሊነገር እንደሚገባው የምንለይበት መመዘኛ ከባድ አይደለም። የተሳቀበት ልጅ አድጎ ሲሰማው ከእኛ ጋር ሊስቅ የሚችል ከሆነ፣ ይነገር።