የዘገየው ማን ነው?

በከተማችን በአዲስ አበባ ቤት በተቃጠለ ቁጥር ከጢሱ ጋር አብሮ የሚነሣ አንድ ቃል አለ። ይኸውም «እሳት አደጋ ዘገየ» የሚለው ነው። ቀዩ መኪና እየጮኸ ከመንደሩ አፍ ሲደርስ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» ብሎ የሚተርት አይጠፋም፤ አንዳንድ ጊዜም ቁጣው ከቃል አልፎ ሊያጠፉ የመጡትን ሰዎች እስከ መጋፋት ይደርሳል። የዕድሜ ልክ ጥሪቱ ዐይኑ እያየ ዐመድ የሆነበት ሰው ቢቆጣ እኛ አንፈርድበትም። ነገር ግን ቤታችን ሳይቃጠል ዳር ቆመን የምንናገር ሰዎች ይህን ቃል ከአፋችን ከማውጣታችን በፊት ልንመረምረው የሚገባ ጥያቄ አለ። ለመሆኑ የዘገየው ማን ነው?

ጥያቄው ከላይ ሲያዩት የመንገድና የመኪና ጉዳይ ይመስላል። ወደ ውስጥ ሲገቡበት ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። አንድ ጥፋት በብዙ ሰዎች እጅ ጥቂት በጥቂት ተሠርቶ ካለቀ በኋላ፣ ነቀፌታው በመጨረሻ በደረሰው ሰው ላይ ብቻ ቢወድቅ ፍርዱ ቅን ነውን?

አስቀድመን ስለ ሠራተኞቹ ውሎ ጥቂት እንበል። ብዙዎቻችን የእሳት አደጋ ሠራተኛን የምናውቀው ሲሮጥ ብቻ ነው። በጣቢያው አጠገብ ስናልፍ አንዱ መኪና ሲያጥብ፣ ሌላው ቱቦ ሲዘረጋ፣ ሌሎቹ ቡና ከበው ሲጨዋወቱ ብናይ «ምን አለባቸው፣ ሥራ የላቸው!» እንላለን። ነገር ግን ተረኛ ለተረኛ ሲያስረክብ የመኪናው ውኃና ነዳጅ ይታያል፤ ፓምፑ ተነሥቶ ድምፁ ይደመጣል፤ ቱቦው ተዘርግቶ ቀዳዳ ይፈለግለታል፤ በጀርባ የሚታዘለው የአየር ሲሊንደር መጠኑ ይነበባል። ይህ ሲሊንደር ብዙውን ጊዜ የሚይዘው ለ30 ደቂቃ ያህል የሚበቃ አየር ነው፤ በጢስ ውስጥ ሰው ተሸክሞ ለሚወጣ፣ ትንፋሹም ለሚፈጥን ሠራተኛ ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ ጠዋት ሳይነበብ የቀረ ቁጥር ማታ የሰው ነፍስ ነው። የቦት ጫማ እንኳ በዚህ ሙያ እንዲሁ አይቀመጥም። በብዙ አገር እንደ ተለመደው ሱሪው በጫማው ላይ ታጥፎ ይቆያል፤ ደወል ሲደወል ሁለቱን በአንድ ጊዜ ለመልበስ ነው።

እንግዲህ መጠበቅ ሥራ ነው ወይስ ሥራ መፍታት? የዘበኛ ደመወዝ ሌባ ለመጣበት ሌሊት ብቻ አይከፈልም። (እኛ ተማሪዎችም «ከፈተናው ቀን በቀር ዓመቱን ሙሉ ሥራ ፈት ነበራችሁ» ብንባል ደስ አይለንም።)

ደግሞም ጥሪው ለእሳት ብቻ አይደለም። በክረምት ጎርፍ የወሰደውን፣ ጉድጓድ የገባውን፣ ድንጋይ ወጥቶበት ውኃ ባቆረ ኩሬ ሊዋኝ ገብቶ የቀረውን ልጅ ጠልቀው የሚያወጡት እነርሱ ናቸው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በቆሼ የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች በሞቱ ጊዜ ፍለጋው ቀናት ፈጅቷል። «ታዲያ ደመወዝ ይከፈላቸው የለም ወይ?» የሚሉ ጓደኞች አሉን። ይከፈላቸዋል። ደመወዝ ግን ሰውን ከጣቢያው እስከሚቃጠለው ቤት በር ያደርሰው ይሆናል፤ ከበሩ ወደ ጢሱ የሚያስገባው ሌላ ነገር ነው። ያንን ሌላ ነገር በወር ስንት ብሎ የተመነ ሰው እስካሁን አላጋጠመንም።

ወደ መዘግየቱ ጉዳይ እንመለስ። እሳት የራሱ ሰዓት አለው። የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሶፋና መጋረጃ ባለበት ክፍል ከአንድ ጥግ የተነሣ እሳት ክፍሉን በሙሉ ለመያዝ 5 ደቂቃ እንኳ ላይፈጅበት ይችላል። በእነዚህ ደቂቃዎች እኛ ምን እናደርጋለን? መጀመሪያ በባልዲ እንሞክራለን፤ በዘይትና በነዳጅ እሳት ላይ ውኃ ደፍተን የምናባብሰውም ጥቂቶች አይደለንም። ቀጥሎ ዕቃ እናወጣለን። ሁሉም «ሌላው ሰው ደውሏል» ብሎ ያስባል፤ ስልክ በእጁ የያዘው ደግሞ ነበልባሉን ፎቶ ያነሣበታል። በመጨረሻ አንዱ 939 ይደውልና «ተቃጠልን፣ ቶሎ ድረሱ!» ብሎ ቦታውን በቅጡ ሳይናገር ይዘጋዋል። በዚያው መስመር ላይ ለጨዋታ ብሎ የሐሰት ጥሪ የሚያደርግም አለ። «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚል ተረት ያለን ሰዎች ሆነን ሳለ፣ መኪናው ገና ከጣቢያው ሳይነሣ የቤቱ ነገር ያለቀበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ መንገዱ አለ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በመርካቶ ሸማ ተራ ከባድ እሳት በተነሣ ጊዜ ማጥፋቱን አስቸጋሪ ካደረጉት ነገሮች አንዱ የመንገዱ ጥበት እንደ ነበር የከተማው ኀላፊዎች ተናግረዋል። መርካቶን የሚያውቅ ሁሉ ይህን ለማመን ምስክር አያሻውም። ጥበቱ ግን በአንድ ሌሊት አልመጣም። አንዱ በሱቁ ፊት አንድ ክንድ ሸራ ዘረጋ፤ ጎረቤቱም እንዳይበለጥ አንድ ክንድ ተኩል ዘረጋ፤ ሦስተኛው በመካከል ዕቃውን ደረደረ። በየመንደራችንም እንደዚሁ ነው። በቅያሱ አፍ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ በሩን ቆልፎ፣ ቁልፉን ይዞ ወደ ጉዳዩ የሄደ ሰው አለ። እኛ እንደሚመስለን ይህ ሰው ከእሳት አደጋ መኪናው ሾፌር ይበልጥ ዘግይቷል፤ ምንም እንኳ በቃጠሎው ቦታ ቀድሞ የደረሰው እርሱ ቢሆን!

«ውኃ ሳይዙ መጡ» የሚለውም ክስ ሒሳቡ ይታሰብ። 5,000 ሊትር የያዘ መኪና በደቂቃ 500 ሊትር ቢረጭ በ10 ደቂቃ ባዶ ይሆናል። በአቅራቢያው መቅጃ ከሌለ ለመሙላት ተመልሶ መሄድ አለበት። ሲሄድ ያየው ሕዝብ ግን «ሸሹ» ይላል።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ሊነሣብን ይችላል፤ ልክም ነው። በአንድ ክፍል ቤት አራት ልጆች የምታሳድግ እናት ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማያሳልፍ ስርጥ ውስጥ የምትኖረው ወድዳ ነውን? የጣቢያዎቹን ቁጥር፣ የመንገድ ዳር የውኃ መቅጃውን፣ የመንደሩን አሠራር የሚወስነው እኮ ሌላ ነው። ስለዚህ ነቀፌታውን ሁሉ ከሠራተኛው ትከሻ አውርደን በድኻው ትከሻ ላይ ብንጭነው የባሰ በደል ይሆናል። እኛ የምንለው ባለመቻል የመጣውን መዘግየት ባለመፈለግ ከመጣው እንለይ ነው። ቤቷን ማስፋት የማትችለው እናትና መኪናውን ሁለት እርምጃ ማራቅ የሰነፈው ሰው በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ሥልጣኑና ገንዘቡ በእጁ ያለም አካል ከሁለቱም ይበልጥ ይጠየቃል።

እድራችንን እንውሰድ። ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ድስቱ ተቆጥሮ በመዝገብ ሰፍሯል፤ የሞተውን በክብር ለመቅበር አንድ ቀን አንዘገይም። ይህ የሚያኮራ ነው። ሆኖም እሳት ቢነሣ የግቢው የብረት በር ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድር፣ ቆጣሪ የሚያጠፋው ማን እንደሆነ፣ ከዋናው መንገድ ቆሞ መኪናውን የሚመራው ማን እንደሆነ በስብሰባ ሲወሰን እኛ አልሰማንም። እርግጥ ሽማግሌዎቹን ከመጠየቅ በፊት ደብዳቤ ጸሓፊና ተላላኪ የምንሆነው እኛ ወጣቶች ነን፤ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጧፍ ከመጋረጃና ከምንጣፍ አጠገብ ሲቀመጥ የምናየውም እኛው ነን።

በየዓመቱ በመስቀል ደመራ የደንብ ልብሳችንን ለብሰን በዐደባባይ ስንዘምር የእሳት አደጋ መኪናዎች ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ብዙ ሰው ልብ አይላቸውም። ቤት በተቃጠለ ቀንም ከእሳቱ በኋላ የሚሆነውን ልብ የሚል ጥቂት ነው። ነበልባሉ ጠፍቶ፣ ተሳዳቢውም ወሬ ተመልካቹም ወደየቤቱ ሲገባ፣ ሠራተኞቹ እዚያው ናቸው። የተዳፈነ ፍም ከሰዓታት በኋላ ሊነሣ ስለሚችል ፍርስራሹን በአካፋ እየገለበጡ፣ የሚጤሰውን እየፈለጉ ውኃ ያርከፈክፉበታል። ከዚያም በጭቃ የተለወሰውን ቱቦ ጠቅልለው ይመለሳሉ። ቱቦው ይታጠባል፣ እንዲደርቅ ይሰቀላል፤ መኪናውም ውኃ ይሞላል፤ የሚቀጥለው ጥሪ ከመንጋቱ በፊት ሊመጣ ይችላልና።