የጀሪካኑ ላይና የጀሪካኑ ውስጥ

ቢስሚላሂር ረሕማኒር ረሒም



ዛሬ የማነሳው ጉዳይ ከማዕድ ቤት የወጣ ነው። ታላላቅ ጉዳዮች በሚነሱበት ገጽ ላይ ስለ ዘይት ጀሪካን መጻፍ ለአንዳንድ ወንድሞች ያንስባቸው ይሆናል። ግና ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ገበያ ወርደው እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ከከተቱ፣ እኔ የጀሪካን ክዳን ከፍቼ ባይ ምን ነውር አለው?

ነገሩ የሆነው በ2014 ዓ.ም ነው። የካቲት 17 ቀን (እ.ኤ.አ. 2022) በዩክሬን ጦርነት ተጀመረ። ከዓለም የሱፍ ዘይት ከግማሽ የሚበልጠውን ያመርቱ የነበሩት ዩክሬንና ሩሲያ ነበሩና ወሬው ከመድረሱ የዘይቱ ዋጋ ደረሰ። አዲስ አበባ ላይ ሰው ከሱቅ ሱቅ ሲንከራተት የ1443 ዓመተ ሒጅራ ረመዳን ገባ። ረመዳን ደግሞ በየሰፈራችን ያለ ሳምቡሳ አይታሰብም፤ ሳምቡሳ ደግሞ ያለ ዘይት። ወሩ ሊያልቅ ቀናት ሲቀሩት፣ ሚያዝያ 20 ቀን፣ ኢንዶኔዥያ ጭራሽ የፓልም ዘይት ከአገሯ እንዳይወጣ ከለከለች፤ እገዳው የተነሳው ግንቦት 15 ቀን ነው።

ታናሽ እህቴ በየረመዳኑ በራችን ላይ ሳምቡሳ ትጠብሳለች። ልጆቿን የምታለብሰው በዚያች አንድ ወር ገቢ ነው ብል ብዙ አላጋነንኩም። በዚያ ዓመት ከምናውቀው ባለሱቅ ሁለት ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ዘይት ለምና ገዛች። ጀሪካኑ ላይ ቢጫ የሱፍ አበባ ተስሏል፤ «ንጹህ የሱፍ ዘይት» የሚል ጽሑፍም ነበረው። እሷም በካርቶን ላይ «በሱፍ ዘይት የተጠበሰ» ብላ ጽፋ ከምድጃዋ በላይ ሰቀለች። ይህቺ ካርቶን ደንበኛ አመጣችላት። ከደንበኞቿ አንዱ የሰፈራችን ሽማግሌ ሐጂ ነበሩ። ልባቸውን ያማቸዋል፤ ሐኪም የሚረጋ ዘይት እንዳይነኩ አስጠንቅቋቸዋል። ሌላው ዘንድ አይገዙም፤ ከመግሪብ በፊት መጥተው ሁለት ሳምቡሳ ይዘው ይሄዳሉ።

በሁለተኛው ሳምንት ሌሊቱን የበልግ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ብርድ ሆነ። ጧት እህቴ ጠራችኝ። ሁለተኛው ጀሪካን፣ ግማሽ ላይ የደረሰው፣ እንደ ቅቤ ረግቷል። የሱፍ ዘይት በአዲስ አበባ ብርድ አይረጋም፤ ይህን ወጥ የሠራ ሁሉ ያውቃል። ውስጡ ያለው የፓልም ዘይት ነው። ከላይ አበባው እንዳለ ነው፤ ጽሑፉም እንዳለ ነው።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። እሷ «ምን ላድርግ?» ስትለኝ የመለስኩላት ይህንን ነው፦ «ያው ዘይት ነው። ፓልምም ሐላል ነው። አገር ሁሉ በተቸገረበት ሰዓት ማን ይጠይቅሻል? ዳሩራ ነው፤ ዝም ብለሽ ጥበሺ።» እሷም ለትንሽ ጊዜ አየችኝና «አንተ ጾመህ ነው እንዲህ የምትለው?» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ ሥራዬን አልሠራሁም።

ውድ አንባብያን፣ እስቲ ያቺን «ዳሩራ» የምትለዋን ቃል እንመርምራት። አፋችን ላይ ቀላለችና።

ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ሐዲስ ሁላችንም በኹጥባ ሰምተነዋል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ የእህል ክምር አዩ፤ እጃቸውን ሲከቱ ጣታቸው እርጥበት አገኘው። ባለ እህሉን ምንድን ነው ይህ ብለው ጠየቁት። እሱም ዝናብ መታው አለ። እሳቸውም ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም አሉት፤ ያታለለም ከሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። እኛ ከዚህ ሐዲስ የመጨረሻዋን ብቻ ይዘን እንሮጣለን። መሐከሉን ግን አስተውሉ። የሰውዬው ምክንያት እውነት ነበር። ዝናቡን እሱ አላዘነበውም፤ ከአላህ የመጣ ነው። ልክ ጦርነቱን ባለሱቃችን እንዳልቀሰቀሰው ማለት ነው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) እርጥቡን እህል አትሽጥ አላሉትም፤ ጣለውም አላሉትም። ከላይ አድርገው ነው ያሉት። የዛሬው ሰው በማሸጊያ ላይ የሚለጥፈው ጽሑፍ፣ ሥራው ሌላ ምንድን ነው? ከሥር ያለውን ከላይ ማድረግ ነው።

እንግዲህ በችግር ጊዜ አንዱን በሌላ መተካት በራሱ ኃጢአት አይደለም። እንዲያውም ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) በ18ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ ዓመተ ረማዳ በተባለው የድርቅ ዘመን፣ ሕዝቡ እስኪጠግብ ድረስ ቅቤና ሥጋ ላይቀምሱ ቃል ገብተው በምትኩ ዘይት ይበሉ ነበር፤ የፊታቸው መልክ እስኪለወጥ ድረስ ዘይቱን ታገሡት ይባላል። ሆዳቸው ቢጮህም የሚበሉት ዘይት እንደሆነ እያወቁ ነበር የሚበሉት። ቅቤ ነው ብሎ ዘይት ያቀረበላቸው የለም። ልዩነቱ ይኸው ነው፤ ምትኩን በላተኛው ራሱ መረጠው ወይስ ሳያውቅ ተጫነበት?

ዳሩራ የተከለከለን የሚፈቅደው ነፍስ ስትጨነቅ፣ በልክም ነው። እህቴ እውነቱን ብትናገር ምን ነበር የሚደርስባት? ጥቂት ደንበኛ ይቀርባታል። ይህ ኪሳራ እንጂ ዳሩራ አይደለም። ደግሞስ ማታለል ከችግር ብቻ ይመጣል ያለው ማነው? በሱረቱ ሁድ የተነገረላቸው የመድየን ሰዎች ስፍርና ሚዛን ሲያጎድሉ ነቢዩ ሹዐይብ (ዐ.ሰ) በደህና ኑሮ ላይ ሆነው እንደሚያዩአቸው ነበር የነገሯቸው። ጠግበው ነው የሰረቁት።

በዚያው ሰሞን ሌላው ዓለም ምን አደረገ? በዚያው በመጋቢት የብሪታንያ የምግብ ደረጃዎች ኤጀንሲ ፋብሪካዎች በሱፍ ዘይት ፈንታ የተጣራ የጎመን ዘር ዘይት እንዲያደርጉ፣ ማሸጊያውም ሳይቀየር ለጊዜው እንዲሸጥ መንገድ ሰጠ። አሜሪካም እ.ኤ.አ. በግንቦት 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ለአነስተኛ የግብዓት ለውጥ የሚሆን ጊዜያዊ ፈቃድ አውጥታ ነበር። ይህን አንብቦ «ይኸው፣ ሠልጥነዋል የምንላቸውም ዋሹ» የሚለኝ ወንድም አይጠፋም። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። የብሪታንያው መሥሪያ ቤት ማሸጊያው ሱፍ ቢልም ውስጡ የጎመን ዘር ሊሆን እንደሚችል ራሱ ለሕዝብ አወጀ፤ የጎመን ዘር የሚያስቆጣቸው ጥቂት ሰዎች እንዳሉም አልደበቀም። የአሜሪካውም ቢሆን ምትኩ ሰውነት የሚያስቆጣ ነገር እንዳይሆን፣ የተለወጠውም ግብዓት ትንሽና የምግቡ መታወቂያ ያልሆነ እንዲሆን ገደብ ነበረው። እኔ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚህም ሙሉ በሙሉ አልረካሁም። አዋጁን ያልሰማው ሰውስ? መደብር ገብቶ የሚያነበው ጋዜጣ ሳይሆን ጠርሙሱን ነው። ትንሽ ተለጣፊ ወረቀት ያን ያህል ይከብዳል?

ይህ ለምን ያሳስበናል? ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ነፍስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በሰሜን እንግሊዝ የሆነ ጉዳይ ነበር። አንድ የምግብ ቤት ባለቤት ወጪ ለመቀነስ ብሎ የአልሞንድ ዱቄቱን ኦቾሎኒ ባለበት ርካሽ ዱቄት ለወጠው። ኦቾሎኒ ሰውነቱን የሚያስቆጣው አንድ ደንበኛ ነገሩን አስረድቶ ምግብ አዘዘ። የተሰጠው ዕቃ ክዳን ላይ ለውዝ የለበትም ተብሎ ተጽፎ ነበር። ሰውዬው ክዳኑን አመነ፤ በዚያው ሌሊት ሞተ። በ2016 ፍርድ ቤቱ ባለቤቱን በስድስት ዓመት እስራት ቀጣው። ልብ በሉ፣ ባለ ምግብ ቤቱ መርዝ አልጨመረም። ኦቾሎኒ ሐላል ነው፤ እኛም ቆልተን ከቡና ጋር እንበላዋለን። የገደለው በኦቾሎኒውና በክዳኑ ጽሑፍ መካከል ያለው ክፍተት ነው።

ሁለተኛው ዲን ነው። አጂኖሞቶ የተባለው የወጥ ማጣፈጫ በኢንዶኔዥያ ያስነሳውን ግርግር የምታስታውሱ ትኖራላችሁ። ፋብሪካው ማጣፈጫውን የሚሠሩትን ባክቴሪያዎች ለማሳደግ ይጠቀምበት የነበረውን አንዱን ግብዓት በሌላ ተካ። አዲሱ ግብዓት ሲዘጋጅ ግን ከዓሣማ የተገኘ ኢንዛይም ገብቶበት ነበር። ለዑለማዎቹ ምክር ቤት ለውጡን አልነገረም። ምክር ቤቱ ሲደርስበት ሐራም ነው አለ፤ እ.ኤ.አ. በጥር 2001 ሸቀጡ በሺህ በሚቆጠር ቶን ከየገበያው ተለቀመ። ፕሬዚዳንት አብዱረሕማን ዋሒድ ደግሞ በመጨረሻው ምርት ውስጥ ዓሣማ የለም፣ ስለዚህ ሐላል ነው ብለው ከዑለማዎቹ ተለዩ። በፊቅሁ ማን ትክክል እንደነበር ለመፍረድ እኔ ማን ነኝ። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ ያ ሁሉ ጭቅጭቅ የመጣው አንድ ግብዓት ተለውጦ አንድ ደብዳቤ ሳይጻፍ በመቅረቱ ነው። ፋብሪካው ቀድሞ ቢጠይቅ ኖሮ፣ በኋላ እንዳደረገው፣ ሌላ ምትክ ይፈልግ ነበር።

እኛ ከተሜ ሙስሊሞች ብስኩትና ጄሊ ስንገዛ ማሸጊያውን ገልብጠን ጄላቲን አለበት፣ ኢ 471 አለበት እያልን እናነባለን። ኢ 471 ከአትክልትም ከእንስሳም ቅባት ሊሠራ ይችላል፤ ከየትኛው እንደሆነ ቁጥሩ አይናገርም። እንዲያም ሆኖ ያችን ጽሑፍ የሙጥኝ ብለናል፤ ምክንያቱም ፋብሪካው ውስጥ ገብተን እጃችንን መክተት አንችልም። ጽሑፉ ከተዋሸ እጃችንም ዓይናችንም የለም።

የአገር ቤቱን ጉድማ ምኑን ልንገራችሁ። በርበሬ ውስጥ ሸክላ፣ ቅቤ ውስጥ ሙዝ፣ ማር ውስጥ ስኳር፣ እንጀራ ውስጥ ጄሶና ሳጋቱራ ሲባል ሰምተናል። የሒስባ መጻሕፍት የጻፉ የቀድሞ ዑለማዎች ከስምንት መቶ ዓመት በፊት የስንዴ ዱቄትን ከሽምብራና ከባቄላ ዱቄት ስለሚቀላቅሉ ነጋዴዎች ገበያ ጠባቂውን ያስጠነቅቁ ነበር፤ ሽምብራና ባቄላ እንኳ ይበላሉ፣ የኛዎቹ ብሰዋል። ቢሆንም ስለነዚህ ለመጻፍ አልተነሳሁም፤ ጄሶ የሚቀላቅል ሰው ይህን ገጽ አንብቦ አይመለስም። ያሳሰበኝ እንደ እኔ ያለው፣ ሰግዶና ጾሞ «ያው ዘይት ነው» የሚለው ነው።

ወደ እህቴ ልመለስ። እኔ ስብሰለሰል እሷ ካርቶኗን አውርዳ «በሱፍ» የምትለዋን በከሰል ሰርዛ ከላይ «በሚረጋ ዘይት» ብላ ጻፈችና መልሳ ሰቀለች። የረጋውን ጀሪካን ሰው እንዲያየው ከጎኗ አቆመችው። ያን ዕለት ሳምቡሳው ተረፈ፤ ለመስጊድ በር ሚስኪኖች አፈጠሩበት። ሐጂ መጥተው ካርቶኑን አነበቡ። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ የሚረጋ ዘይት እንዳበላቻቸው እያለቀሰች ነገረቻቸው፤ ይቅር እንዲሏትም ለመነች። ሐጂም «አንቺ አታውቂም ነበር፤ አሁን ስታውቂ ደግሞ ነገርሽኝ። አላህ ይቅር ይበልሽ» ብለው ራሷን ዳበሷት። ከማግሥቱ ጀምሮ ለሳቸው ብቻ በምጣድ ላይ ያለ ዘይት ትጋግርላቸው ጀመር። መልኩ ሳምቡሳ አይመስልም፤ ሐጂ ግን እየሳቁ ይወስዱት ነበር።

ቀጥሎ ባለሱቁ ዘንድ አብሬያት ሄድኩ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ወተት እንዲመስላት ጡቷ ሳይታለብ ተቋጥሮ የተሸጠችን በግ የገዛ ሰው፣ ካልወደዳት ለጠጣው ወተት አንድ ቁና ቴምር ጨምሮ እስከ ሦስት ቀን እንዲመልሳት መብት መስጠታቸውን አንድ ኡስታዝ ነግሮኝ ነበርና እሱን ይዤ ነው የሄድኩት። ባለሱቁ እሱም ታሽጎ እንደተቀበለው በአላህ ስም ማለ፤ ያልተከፈቱትንም አወጣና አሳየን። ሁሉም ረግተዋል፤ ሁሉም አበባ አለባቸው። የተጠበሰበትን ዘይት እንደ ፓልም ዋጋ እንድናስብ፣ የቀረውን ግማሽ ጀሪካን እንዲወስድና ልዩነቱን እንዲመልስ ተስማማን። ገንዘቡን ግማሹን እዚያው ቆጥሮ ሰጣት፤ ግማሹን አከፋፋዩ ሲመልስልኝ አለ። ያልተከፈቱትን ጀሪካኖች ወደ መደርደሪያው ሲመልሳቸው እህቴ ቆማ አየችውና ከቦርሳዋ እርሳስ አውጥታ ሰጠችው። ተቀበላትና ጆሮው ላይ ሰካው።

ወሰላሙ ዐለይኩም።